ባቡሩ ቶኪዮ፣ አጥንቱ ካንቻናቡሪ

ቶኪዮ ውስጥ ያሱኩኒ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ለጃፓን ሲዋጉ የሞቱ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ነፍስ የሚከበርበት ቦታ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ዩሹካን የተባለ የጦርነት ሙዚየም አለ። በሩን አልፎ የገባ ሰው፣ ገና ትኬት ሳይቆርጥ፣ አንድ ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ይቀበለዋል። ቁጥሩ ሲ56 31 ነው። ተወልውሎ ያብለጨልጫል። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ዜሮ የሚባለው የጦር አውሮፕላንም ቆሟል። ሰዎች ከባቡሩ ፊት ፎቶ ይነሳሉ። ቢነሱም አይገርምም። በእውነት ያምራል።

ኦክቶበር 25 ቀን 1943 ታይላንድን ከበርማ (ከዛሬዋ ማያንማር) ጋር የሚያገናኘው የባቡር መስመር ሲመረቅ መጀመሪያ ያለፈው ይህ ባቡር ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዓለም መስመሩን የሚያውቀው ግን በሌላ ስሙ ነው፤ የሞት ሃዲድ ይሉታል። ርዝመቱ 415 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ዓመት ከምናምን ፈጅቶ ሲሠራ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው አልቆበታል። እስኪ አካፍሉት። በየአራት ሜትሩ አንድ ሬሳ ማለት ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ከዚህ ሃዲድ ስለተረፉ ዕቃዎች ነው። የት እንዳሉ፣ ማን እንዳስቀመጣቸው፣ አጠገባቸው ምን እንደተጻፈ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ስከተላቸው ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ሙዚየም ውስጥ ቦታ ያገኘው ዕቃውን የሚያስቀምጥለት ሰው የነበረው ወገን ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሞተው ወገን ግን ባዶ እጁን ቀርቷል።

መስመሩ እንዴት ተሠራ

በ1942 ጃፓን በርማን ከእንግሊዞች ነጠቀች። እዚያ ላለው ጦሯ ስንቅና ጥይት የምታደርሰው በባሕር ነበር፤ በማላካ ሰርጥ ዞሮ። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የጠላት ሰርጓጅ መርከቦች አድፍጠው ይጠብቃሉ። ስለዚህ የየብስ መንገድ ተፈለገ። እንግሊዞች ከዓመታት በፊት ይህንኑ መንገድ አስበውት ነበር። ጫካውንና ተራራውን አይተው ተዉት። ጃፓኖች ግን በእጃቸው የገባ የሰው ጉልበት ነበራቸው። ሲንጋፖር ስትወድቅና የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴት ጃቫ እጅ ስትሰጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ምርኮኛ አግኝተዋል።

የእኛን የድሮ የጅቡቲ ባቡር የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስበዋል። የሁለቱም ሃዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። የእኛው በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ 20 ዓመት ፈጅቷል። የሞት ሃዲድ የዚያን ርዝመት ግማሽ ትንሽ ያልፋል። አገሩ ገደል፣ ወንዝና ወባ ያለበት ጫካ ነው። በ1942 ሥራው ተጀመረ። ከበርማ በኩልና ከታይላንድ በኩል እየገፉ የመጡት ሁለት ጫፎች ኦክቶበር 17 ቀን 1943 ኮንኮይታ በተባለ ቦታ ተገናኙ።

ከ60 ሺህ በላይ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ፣ የሆላንድና የአሜሪካ ምርኮኞች ሠርተውበታል። ከነሱ ከ12 ሺህ በላይ ሞተዋል። ከእነሱ ሌላ ከማላያ (የዛሬዋ ማሌዢያ ክፍል ናት)፣ ከበርማ፣ ከጃቫና ከሌላም ቦታ የመጡ የእስያ ሠራተኞች ነበሩ። ጃፓኖቹ ሮሙሻ ይሏቸዋል። ቁጥራቸው ከ180 ሺህ እስከ 250 ሺህ ይገመታል። 90 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይታሰባል።

እነዚህን ቁጥሮች ረጋ ብላችሁ እዩአቸው። የምርኮኞቹ ሟች በስም ዝርዝር ተቆጥሯል። የሮሙሻዎቹ "ከዚህ እስከዚህ" ነው። በትንሹና በትልቁ ግምት መሃል ያለው ልዩነት ብቻ 70 ሺህ ሰው ነው። ከምርኮኞቹ ጠቅላላ ቁጥር ይበልጣል ማለት ነው። ሙዚየሞቹ ውስጥ የምናየው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ይመስለኛል።

ዐለት ውስጥ የቀረ ብረት

ታይላንድ ውስጥ ካለችው ከካንቻናቡሪ ከተማ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሄልፋየር ፓስ የሚባል ቦታ አለ። የገሃነም እሳት ማለፊያ እንደማለት ነው። ተራራው ለሁለት ተሰንጥቆ ሃዲዱ በመሃሉ አልፏል። ስንጥቁ 75 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱ እስከ 25 ሜትር ይደርሳል። ዐለቱ ባብዛኛው የተፈለጠው በእጅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ይቀናጃል። አንዱ መሰርሰሪያውን ብረት ዐለቱ ላይ አቁሞ ይይዛል፤ በየምቱ ትንሽ ያዞረዋል። ሌላው በከባድ መዶሻ አናቱን ይመታዋል። ቀዳዳው በቂ ሲጠልቅ ድማሚት ይሞላበታል። ሲፈነዳ ፍርስራሹን በእጅና በቅርጫት ያወጡታል። እንደገና መሰርሰር። መዶሻው ሲስት የያዘው ሰው እጅ ይሰበራል። የድንጋዩ ፍንጣሪ እግር ይቆርጣል። በዚያ ሙቀትና እርጥበት ትንሿ ቁስል ሰፍታ አጥንት ታወጣለች። ስንቱ እግሩን በዚህ አጥቷል።

ሥራው እዚህ ቦታ የተጀመረው በኤፕሪል 1943 ነው። ጃፓኖቹ መስመሩን ቶሎ ለመጨረስ ሰዉን ያጣደፉበት ጊዜ ነበር። ጠባቂዎቹ የሚጮሁት "ስፒዶ! ስፒዶ!" እያሉ ነው። ምርኮኞቹም ያንን ወቅት በዚሁ ቃል ጠሩት። በቀን እስከ 18 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ሲመሽ ፋኖስና የቀርከሃ እሳት ይቀጣጠላል። ከላይ ቁልቁል የሚያይ ሰው አጥንታቸው የወጣ ሰዎች እሳት መሃል ሲንቀሳቀሱ፣ ጥላቸው ዐለቱ ላይ ሲወዛወዝ ያያል። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። በሜይ ክረምቱ ገባ። ከዝናቡ ጋር ኮሌራ መጣ።

ዛሬ ያንን ስንጥቅ የጎበኘ ሰው ግድግዳው ላይ አንድ የተሰበረ መሰርሰሪያ ብረት ተቀርቅሮ ያገኛል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይሄ ነው። ማንም ለሙዚየም ብሎ አላኖረውም። እየመቱት ሳለ ተሰበረ፤ ሊያወጡት አልቻሉም፤ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ጀመሩ። ያንን ብረት ይዞ ያዞር የነበረው ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ቀን እንደኖረ ብረቱ አይነግረንም።

ቦታው እንዲህ ሆኖ የተጠበቀው በዕድል አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ሃዲዱ ተነቅሎ ጫካ ዋጠው። ቶም ሞሪስ የተባለ አውስትራሊያዊ፣ በወጣትነቱ በዚያ መስመር ላይ ምርኮኛ የነበረ ሰው፣ በ1980ዎቹ ተመልሶ ሄዶ ፈለገው። አገኘው። አገሩ ሲመለስ "ይህ ቦታ መታሰቢያ ይሁን" ብሎ ለመንግሥቱ አመለከተ። የአውስትራሊያ መንግሥት ገንዘብ መደበ። በ1998 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ ሄደው ሙዚየሙን መረቁ። እስካሁን በየዓመቱ ኤፕሪል 25፣ አውስትራሊያ የጦር ሙታኗን በምታስብበት ቀን፣ ንጋት ላይ ሰው እዚያ ይሰበሰባል።

አውስትራሊያ በመስመሩ ላይ የሞቱባት 2,800 ያህል ናቸው። ልጆቿን አልረሳችም፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ቶም ሞሪስ ባይመለስስ? የሚሰማው መንግሥትስ ባይኖረው? ስንጥቁ ዛሬም ቀርከሃ የበቀለበት ጉድጓድ ይሆን ነበር።

ከበሽተኛ ፍራሽ ሥር

ምርኮኞቹ ካምፕ ውስጥ ስዕል መሣል፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ ፎቶ ማንሳት ከባድ ቅጣት ያመጣ ነበር። ግን ሣሉ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ሰርል ስዕሎቹን የደበቀው በኮሌራ የሚሞቱ ጓደኞቹ ፍራሽ ሥር ነው። ጠባቂዎቹ ኮሌራ ስለሚፈሩ እዚያ አይደርሱም። 300 ያህሉ ስዕሎች ዛሬ ለንደን ኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ጃክ ቾከር የተባለ ሌላ ምርኮኛ ደግሞ ከሐኪሞቹ ጋር እየሠራ የበሽተኞቹን ቁስልና ሐኪሞቹ የፈጠሩትን መሣሪያ ሁሉ ሥሏል። ከቀርከሃ የተሠራ የጨው ውሃ መስጫ መርፌ፣ ከእንጨት የተጠረበ ሰው ሠራሽ እግር። ኤድዋርድ ደንሎፕ የሚባለው የታወቀ አውስትራሊያዊ ሐኪም ደግሞ በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር።

እነዚህን ሳይ የማደንቀው የሰዎቹን ጀግንነት ብቻ አይደለም። ለመሣል ምን ምን አስፈልጎ እንደነበረም አስባለሁ። ወረቀት ያስፈልጋል። ጓደኛ ያስፈልጋል። ሐኪም ያስፈልጋል፤ ያለ ሐኪም ሠዓሊውም በሕይወት አይቆይም። ምርኮኞቹ ተርበውም ተዋርደውም ጦር ነበሩ። አዛዥ አላቸው፣ ቄስ አላቸው፣ መዝጋቢ አላቸው። ውሃ አፍልቶ መጠጣትን የሚያስገድድ መኮንን አላቸው። ሰው ሲሞት የተቀበረበትን ቦታና ቀን የሚጽፍ ጓድ አላቸው።

እንዲያም ሆኖ አልተረፉም። ከሲንጋፖር ተነስቶ ኤፍ በሚባል ቡድን ወደ ላይኛው መስመር የተላከው ምርኮኛ 7 ሺህ ነበር። 3,100 ያህሉ ሞቱ። ይህ የሆነው ሐኪምና ሥርዓት እያለ ነው።

ጦርነቱ እንዳበቃ በ1945 መጸው አንድ አነስተኛ ቡድን መስመሩን ከዳር እዳር እየሄደ መቃብር ፈለገ። ምርኮኞቹ የደበቁትን መዝገብ ይዘው ነበር የሄዱት። በሦስት ሳምንት ውስጥ በ144 ቦታዎች 10,549 መቃብር አገኙ። አገራቸው ከተወሰዱት አሜሪካውያን በስተቀር አስከሬኖቹ በክብር ተሰብስበው ዛሬ በሦስት መካነ መቃብሮች አርፈዋል። ካንቻናቡሪ ከተማ መሃል ባለው ብቻ 6,982 አሉ። ሣሩ የታጨደ፣ አበባው የተኮተኮተ ነው። ከሞላ ጎደል በየድንጋዩ ላይ ስም አለ። ስሙ ያልታወቀውም ቢሆን የራሱ ድንጋይ አለው።

የሮሙሻዎቹን መቃብር የፈለገ ቡድን ግን አልነበረም።

ከጎማ እርሻ የተወሰዱት

ከማላያ የሄዱት አብዛኞቹ ታሚሎች ናቸው። አያቶቻቸውን እንግሊዞች ከደቡብ ሕንድ አምጥተው የጎማ ዛፍ እርሻ ላይ አሠርተዋቸዋል። ጃፓን ስትገባ የጎማው ንግድ ቆመ። እርሻው ውስጥ ረሃብ ሆነ። ያኔ ማስታወቂያ መጣ። በቀን አንድ ዶላር፣ ቀለብ፣ መኖሪያ፣ ለጥቂት ወር ብቻ። ሚስትና ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። ብዙዎች አምነው ሄዱ።

የሄደ ሰው አልመለስ ሲል ወሬው ተሰማ፤ ፈቃደኛ ጠፋ። ከዚያ ማታለልና ማስገደድ ተጀመረ። ነጻ ሲኒማ ይታያል ተብሎ ሰው ይጠራል። አዳራሹ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ሰዉ በቀጥታ ወደ ባቡር ይጫናል። በርማም ውስጥ "የላብ ሠራዊት" በሚል ስም ከየመንደሩ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ሀገር መርዳት ነው ተባለ።

ሃዲዱ ራሱ ከየት መጣ? ጃፓኖቹ የማላያን የምሥራቅ ዳርቻ መስመር ነቅለው ብረቱን ወደ ታይላንድ አጓዙት። ሃዲዱም ሰዉም ከአንድ አገር ተነቅሎ ሄደ። ብረቱ ተመልሶ ሊተከል ይችላል።

ሮሙሻዎቹ አዛዥ አልነበራቸውም። ሐኪም አልነበራቸውም። የተለያየ ቋንቋ የሚናገር፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ገበሬና የቀን ሠራተኛ ነው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ሴትና ሕፃን አለበት። ኮሌራ ሲገባ ካምፑን እንዳለ ጠራርጎ ይሄዳል። ሬሳው በጅምላ ይቃጠላል ወይም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የጻፈ የለም። የሣለ የለም። ያለቀሰም ካለ እሱም ተከትሎ ሞተ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። የተወጋው ከነቤተሰቡ ሲያልቅስ? ያኔ ማን ነው የማይረሳው?

በ1990 ካንቻናቡሪ ውስጥ አንድ የእርሻ መሬት ሲቆፈር የጅምላ መቃብር ወጣ። የመቶዎች አጽም ነበር። የእስያ ሠራተኞች እንደሆኑ ታመነ። ጦርነቱ ካበቃ 45 ዓመት ሆኖታል። ያን ያህል ጊዜ ላያቸው ላይ ሲታረስና ሲታጨድ ኖሯል። ከታዋቂው የክዋይ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ባለ አንድ የግል ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የሠራተኞች አጽም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይታያል።

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ያ መስታወት ያመኛል። የምርኮኛው ወረቀት፣ ስዕል፣ ቁልፍ፣ ሳህን ሙዚየም ገባ፤ እሱ ራሱ አፈር ለብሶ ስሙ ድንጋይ ላይ ተጻፈ። ሮሙሻው የሚታይ ዕቃ ስላልነበረው ራሱ ዕቃ ሆነ። እኛ አገር አጽም ይወቅሳል ይባላል። እኔ አምንበታለሁ።

ስም ያላቸውና የሌላቸው

ካንቻናቡሪ ውስጥ ከ1977 ጀምሮ የቆየ አንድ ሙዚየም አለ። የቡድሃ ገዳም ግቢ ውስጥ ነው፤ የመሠረቱትም የገዳሙ አለቃ ናቸው። የምርኮኞቹን የቀርከሃ ጎጆ አስመስለው ሠሩት። መነኩሴ ተነስቶ የሌላ አገር ሰው ስቃይ እንዳይረሳ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ ግን ያሳስበኛል። ጄት ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ JEATH ነው። ፊደሎቹ የአገሮች ስም መጀመሪያ ናቸው። ጃፓን፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ፣ ታይላንድ፣ ሆላንድ። ማላያ የለችም። በርማ የለችም። ጃቫ የለችም። ከአሥሩ ሟች ወደ ዘጠኙ የሚጠጋው ከእነዚህ አገሮች የመጣ ነው።

ከድልድዩ ብዙ ሳይርቅ ሌላ ሐውልት ቆሟል። የሠራው ራሱ የጃፓን ጦር ነው፤ በ1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ። ጽሑፍ የተቀረጸበት በብዙ ቋንቋ ነው። ታሚልኛና ማላይኛም አሉበት። ይህንን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ነው ያልኩት። ሙታኑን በቋንቋቸው መጀመሪያ ያነጋገራቸው የገደላቸው ጦር ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ የሚያነጋግራቸው እስኪመጣ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል።

ደግነቱ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሮድ ቢቲ የተባለ አውስትራሊያዊ መሐንዲስ ካንቻናቡሪ ኖሮ ለዓመታት መስመሩን በእግሩ ሄዶበታል። ጫካውን እየመነጠረ የሃዲድ ምስማር፣ መዶሻ፣ የድስት ስባሪ፣ የዩኒፎርም ቁልፍ ለቅሟል። በ2003 ከመካነ መቃብሩ ፊት ለፊት የታይላንድ–በርማ የባቡር መስመር ማዕከልን ከፈተ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ሙዚየም ይሄ ነው። ሮሙሻዎቹን አይዘላቸውም፤ ቁጥራቸውንና ዕጣቸውን ያሳያል። የምርኮኛ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ ስም ሲሰጥ፣ አባቱ የነበረበትን ካምፕ፣ የሞተበትን ቀን፣ የተቀበረበትን ረድፍ ይነግሩታል። ብዙ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልቅሷል።

ከማሌዢያ የመጣች አንዲት ታሚል ሴት የአያቷን ስም ብትሰጥስ? የሚፈለግበት መዝገብ የለም።

ተመልሰን ወደ ባቡሩ

ሲ56 የሚባሉት ባቡሮች ጃፓን ውስጥ ለገጠር መስመር የተሠሩ ትናንሽ ባቡሮች ናቸው። የጃፓን ሃዲድ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። ጦሩ ከ1 እስከ 90 ቁጥር ያላቸውን ወስዶ በጎማዎቻቸው መሃል ያለውን ስፋት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር አጠበበና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ላካቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፉት ታይላንድ ውስጥ ሰውና ሩዝ ሲጎትቱ ኖሩ። እስከ 1970ዎቹ ሠርተዋል።

በ1979 ሁለቱ ወደ ጃፓን ተመለሱ። ቁጥር 31 በመስመሩ ሥራ ላይ የነበሩ የጃፓን የባቡር ክፍለ ጦር አባላት ገንዘብ አዋጥተው ያስመጡት ነው። ለያሱኩኒ ሰጡት። ቁጥር 44 ደግሞ ሺዙኦካ ውስጥ ኦይጋዋ የሚባል የባቡር ድርጅት ገዛው። እስከ ቅርብ ጊዜ እየጨሰ ይሄድ ነበር። በአንድ ወቅት እንደ ልጆች ተረት ባቡር ቀይ ተቀብቶ፣ ፊት ተሠርቶለት ሕፃናት ያሳፍር ነበር። ሦስተኛው ወንድማቸው ካንቻናቡሪ ድልድዩ አጠገብ ቆሟል። አንድ ዓይነት ብረት ነው። አንዱ የክብር ሐውልት፣ አንዱ የልጆች መጫወቻ፣ አንዱ የቱሪስት መታሰቢያ ሆነ።

ልጆቹ ምንም አላጠፉም። አርበኞቹንም ቢሆን አልፈርድባቸውም። መስመሩ ላይ ወደ 1 ሺህ የሚጠጋ ጃፓናዊና ኮሪያዊ ሞቷል። ወጣትነታቸው እዚያ ቀርቷል። የጓደኛቸውን መታሰቢያ አገር ቤት ማምጣት ሰው ያደርገዋል። የሚከፋው ሌላ ነው። ዩሹካንን ያዩ ጎብኚዎችና የታሪክ ሰዎች ለዓመታት የሚያነሱት ቅሬታ አለ። የባቡሩ መግለጫ መስመሩ እንዴት እንደተሠራና ባቡሩ ሲመረቅ ማለፉን ይናገራል፤ የሞቱትን አይናገርም። ይህ ደግሞ ቦታው ላይ ሲደመር ይከብዳል። ያሱኩኒ በ1978 14 አንደኛ ደረጃ የጦር ወንጀለኞችን ከሚከበሩት ጋር ቀላቅሏል። በጦርነቱ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቶጆ ሂዴኪ አንዱ ነው። የጦር ምክትል ሚኒስትር የነበረው ኪሙራ ሄይታሮም አለበት። በቶኪዮው ፍርድ ቤት ከተጠየቀባቸው ነገሮች አንዱ ምርኮኞች በዚሁ ሃዲድ ላይ እንዲሠሩ መፍቀዱ ነው። ባቡሩ እዚያ ግቢ የገባው በዓመቱ ነው።

ጃፓን ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰውም እንደነበረ መናገር ይገባል። ናጋሴ ታካሺ መስመሩ ላይ ለወታደራዊ ፖሊሱ አስተርጓሚ ነበር። በ1945 መቃብር ከሚፈልገው ቡድን ጋር ሄዶ ጉድጓዶቹን በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣ። በ2011 እስኪሞት ድረስ ከ100 ጊዜ በላይ ወደ ካንቻናቡሪ ተመልሷል። ገዳም አሠራ፤ ልጆች አስተማረ። በ1993 እሱ ባለበት የተሰቃየው እንግሊዛዊ ኤሪክ ሎማክስ ድልድዩ አጠገብ ሲያገኘው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሎማክስም በኋላ ይቅር አለው። ናጋሴ ዕቃ አልሰበሰበም። ያየውን አልደበቀም፤ ያ በቂ ነበር።

ባቡሩ ከያሱኩኒ ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ እዚያው ይቁም ባይ ነኝ። ብዙ ጃፓናዊ ወጣት የሚያየው እዚያ ነው። ግን መግለጫው ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ስንት ምርኮኛ ሞተ። ስንት የእስያ ሠራተኛ ሞተ፣ ከየትስ መጡ። ሬሳቸው የት ቀረ። በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በታሚልኛ፣ በማላይኛና በበርምኛም ይጻፍ። የጃፓን ጦር በ1944 ድንጋይ ላይ ታሚልኛ ማስቀረጽ ከቻለ ዛሬ ወረቀት ላይ ማተም አያቅትም።

ማሌዢያ ውስጥ የሠራተኞቹ ዘሮች ማኅበር አቋቁመዋል። የቀሩትን ጥቂት አዛውንት እያነጋገሩ የሚያስታውሱትን ይሰበስባሉ። በ2023 ካንቻናቡሪ ከተማ ባለ አንድ ገዳም ውስጥ ድንጋይ አቆሙ። ናዱካል ይሉታል። ታሚሎች ከጥንት ጀምሮ ለሞተ ጀግናቸው የሚያቆሙት ድንጋይ ነው። የአያቶቻቸው አገር ወግ ማለት ነው፤ ጎማ እርሻም ሃዲድም ከመምጣቱ በፊት የነበረ።

መስመሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከኖንግ ፕላዱክ እስከ ናም ቶክ 130 ኪሎ ሜትር ያህሉ አሁንም ይሠራል። ተማሪ፣ ነጋዴና ቱሪስት ይሳፈርበታል። ዋንግ ፎ ላይ ሃዲዱ ገደሉን ተጠግቶ በእንጨት ድልድይ ላይ ያልፋል። ባቡሩ እዚያ ሲደርስ በጣም ይዘገያል። ዐለቱ መስኮቱን ሊነካ ይደርሳል። እጁን ያወጣ ሰው የመሰርሰሪያውን ፋና በጣቱ ይዳስሳል።